ተመልካች ሲበዛ ዕዳ የሚበዛበት ዘመን፦ የኢንተርኔት ቪዲዮ ከዩቲዩብ በፊት

በ1995 ዓ.ም. ጥር ላይ የእህቴን ሠርግ ዋሽንግተን ላለው የአጎቴ ልጅ ለማሳየት ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ዋልኩ። ከሦስት ካሴት ቀረጻ የመረጥኩት 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ተጨምቆ ተጨምቆ 4 ሜጋባይት ሆነ። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቆርጦብኝ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀመርኩ፤ በአራተኛው ተጫነልኝ። ነጻ ቦታ ከሚሰጡት የውጭ ድርጅቶች በአንዱ ላይ አስቀምጬ አድራሻውን በኢሜይል ላክሁለት። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ "ወንድምዓለም፣ እኔ አይቼዋለሁ፤ እልልታውን ስሰማ እንባዬ መጣ። እነ ጋሼ ሊያዩ ሲሉ ግን ገጹ ተዘግቷል ይላል።"

ማንም አልዘጋብንም። ነጻው ገጽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያስተላልፍ የሚፈቀድለት መጠን ነበረው፤ ሁለት ሦስት ዘመድ ሲያየው መጠኑ አለቀ። ጥፋታችን መታየታችን ነበር።

ዛሬ በስልኩ ቀርጾ ወዲያው የሚለቅ ወጣት ይህን ስነግረው ቀልድ ይመስለዋል። ብዙ ሰውም ከዩቲዩብ በፊት ካሜራ የያዘ ሰው ያልነበረ ይመስለዋል። ካሜራውም ነበር፤ ሠሪውም ነበር። የጠፋው የማጓጓዣውን ሂሳብ የሚከፍል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያንን ሂሳብ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አለዚያ የእኔ 1995 እና የካሜራው 1995 ይምታቱባችኋል።)

ካሜራው ቀድሞ ደርሷል

ዲቪ የሚባለው የቀረጻ ዓይነት ገበያ ላይ የወጣው በ1995 ነው። ሶኒ በዚያው ዓመት ያቀረበው ቪኤክስ 1000 ወደ 4,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ለኪስ ይከብዳል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ትከሻ ላይ ከነበረው ቤታካም ጋር ሲነጻጸር ግን እንደ ነጻ ነው። ከዋጋው ይልቅ ነገሩን የለወጠው፣ ካሜራው ምስሉን ካሴቱ ላይ የሚጽፈው በቁጥር መሆኑ ነው። ፋየርዋየር በሚባለው ቀጭን ገመድ "ካፕቸር" ስናደርገው ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ያው ራሱ ነው፤ ምንም አይጎድልበትም። መርካቶ ለአራተኛ ጊዜ የተገለበጠ ቪኤችኤስ አይቶ፣ የተዋናዩን ፊት ከመጋረጃው መለየት ያቃተው ሰው የዚህን ጥቅም ማንም አይነግረውም።

በ1999 አፕል ፋይናል ከት ፕሮ የተባለውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም አወጣ፤ ለጀማሪ የሚሆነው አይሙቪም በዚያው ዓመት ከአይማክ ጋር መጣ። በ2000 ማይክሮሶፍት ሙቪ ሜከርን ከዊንዶውስ ጋር ጨመረ። ኤዲቲንግ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሳሎን ገባ።

የመሥሪያ ወጪው ምን ያህል እንደወረደ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ስቴፋን አቫሎስና ላንስ ዋይለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን "ዘ ላስት ብሮድካስት" የተባለውን ሙሉ ፊልም በቤት ኮምፒውተር ሠርተው የጨረሱት በ900 ዶላር ነው። ሲኒማ ቤቶች ግን ያኔ የሚያውቁት የ35 ሚሊሜትር ጥቅል ብቻ ነው፤ አንዱን ቅጂ ማሳተም ብቻ ፊልሙን ከመሥራት በላይ ያስወጣል። ሰዎቹ በጥቅምት 1998 ፊልሙን በሳተላይት አድርገው ዲጂታል ፕሮጀክተር ወደተተከለባቸው ጥቂት ሲኒማ ቤቶች አደረሱት። መሥራቱ የኪስ ገንዘብ፣ ማድረሱ የሳተላይት ጉዳይ።

"ታዲያ በኢንተርኔት አይለቁትም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እንቁጠር።

አንድ ደቂቃ የዲቪ ቀረጻ ወደ 216 ሜጋባይት ይይዛል። 56 ኬ የሚባለው የስልክ ሞደም በተግባር፣ ያውም መስመሩ ጥሩ ከሆነ፣ በሴኮንድ 5 ኪሎባይት ያህል ያወርዳል። ስታካፍሉት 43,200 ሴኮንድ ይመጣል፤ ይህም ድፍን 12 ሰዓት ነው። ለአንድ ደቂቃ! ኢንተርኔት በ1997 ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እኛ ያቺን 5 ኪሎባይት ራሷን የምናገኛት በበዓል ቀን ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር።

እስክስታ የኮዴክ ጠላት

ስለዚህ መጭመቅ ግድ ሆነ። ሪልቪዲዮ የተባለው የኢንተርኔት ቪዲዮ ዓይነት በ1997 ሲመጣ ለ56 ኬ ሞደም የሚዘጋጅ ቪዲዮ፣ ድምፁም ምስሉም ተደምሮ፣ በሴኮንድ 34 ኪሎቢት ውስጥ እንዲያልቅ ይመከር ነበር። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ያ በደቂቃ ሩብ ሜጋባይት ማለት ነው። 216 ሜጋባይት ሩብ ሜጋባይት ውስጥ ሲገባ ከ850 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። የቀረው የት ሄደ?

አንዱ ክፍል በግልጽ ተቆርጦ ነው የሚጣለው። የእኛ ሀገር ካሜራዎች ስፋቱ 720 በ576 ነጥብ የሆነ ምስል በሴኮንድ 25 ጊዜ ያነሳሉ። ምስሉን ወደ 160 በ120 ብታሳንሱት፣ ማለትም ፖስታ ላይ ከሚለጠፍ ቴምብር ብዙም ወደማይበልጥ ነገር፣ በ21 እጥፍ ይቀንሳል። ከ25ቱ ምስል 8ቱን ብቻ ብታስቀሩ ደግሞ በሦስት እጥፍ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲባዙ ወደ 67 እጥፍ ይጠጋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን 12 ወይም 13 እጥፍ የሚወጣው ኮዴኩ ነው፤ ማለትም የሚጨምቀውና መልሶ የሚዘረጋው ፕሮግራም።

ኮዴክ የሚሠራው በስንፍና ነው፤ ጥሩ ስንፍና። ሙሽራዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው መጋረጃ አይነቃነቅም፣ አበባውም አይነቃነቅም። ኮዴኩ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ምስል ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ "መጋረጃው እንዳለ ነው፣ አበባው እንዳለ ነው፣ የሙሽራዋ እጅ ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዷል" እያለ ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። ለተቀመጠ ሰው ይህ ተአምር ነው።

ከዚያ ዘፈኑ ይለወጥና እስክስታው ይጀመራል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ የነጠላው ዘርፍ በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፣ ዳር የቆመው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ካሜራ የያዘው ልጅም ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል። አሁን "እንዳለ ነው" የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ልዩነት ሆነ። ኮዴኩ ግን የተፈቀደለት ያቺው የተመጠነች ኮታ ናት። ምን ያደርጋል? ዝርዝሩን ይጥልና ምስሉን በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሞላዋል። የእህቴን ሠርግ ስጨምቅ ሚዜዎቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ሆነው ሲበታተኑ ቁጭ ብዬ አየሁ። ማስተካከያውን ሁሉ ነካካሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ከእስክስታው 20 ሴኮንድ ብቻ ትቼ የቀረውን በኬክ ቆረሳና በጉልበት መሳም ሞላሁት። ኮዴክ ጨዋ ሠርግ ነው የሚወደው።

ይህን የምተርከው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን የኢንተርኔት ቪዲዮ ለምን አንድ ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ ሲያወራ ብቻ እንደነበር የሚገባችሁ በዚህ ነው። ካሜራው በእግሩ ይቁም፣ ጀርባው ያልተዝረከረከ ይሁን፣ የዛፍ ቅጠልና ዝናብ አይግባ፣ ፊት ይቅረብ፤ ምክሩ ሁሉ ይህ ነበር። የጥበብ ምርጫ የሚመስለን ነገር ግማሹ የሞደም ትእዛዝ ነው። ከዚያም በፊት በ1993 ዴቪድ ብሌየር የተባለ ፊልም ሠሪ ስለ ንቦችና ስለ ቴሌቪዥን የሠራውን ረጅም ፊልም ለምርምር ተቋማት በተዘረጋ መስመር ሲያስተላልፍ፣ ምስሉ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚለዋወጠው።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጭመቃው ተሳክቶ 3 ደቂቃ የሆነ፣ 5 ሜጋባይት የሆነ፣ ሰው የሚወደው ቪዲዮ ሠራችሁ እንበል። ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሉን ለተመልካች የሚያቀብል ኮምፒውተር፣ ተከራይታችሁ ጫናችሁት። ሺህ ሰው ሲያየው ከሰርቨሩ 5 ጊጋባይት ይወጣል። ደህና። ሰው ለሰው ነግሮ መቶ ሺህ ሲደርስ 500 ጊጋባይት። አከራዩ የሚያስከፍለው በሚወጣው መጠን ነው። ለምሳሌ በጊጋባይት 3 ዶላር ብንል የወሩ ሂሳብ 1,500 ዶላር ነው። ከማን ኪስ? ከሠሪው። ተመልካቹ ሳንቲም አልከፈለም፤ የሚከፍልበት መንገድም አልነበረም፤ ማስታወቂያ የሚያስገባም የለም።

ይህን ከቪሲዲ ጋር አስተያዩት። እኛ ሀገር በ2000ዎቹ አማርኛ ፊልም የሚሸጠው በቪሲዲ ነበር፤ አንዱ ሲዲ 74 ደቂቃ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይመጣል፤ ግማሹ ላይ ሲዲ ለመቀየር ቤተሰቡ በሙሉ "አንተ ተነስ፣ አንቺ ተነሺ" ይባባላል። እዚያ ውስጥ ያለው ምስልም የተጨመቀ ነው፤ ኤምፔግ 1 ይባላል፤ የኢንተርኔቱ ኮዴክ የቅርብ ዘመድ ነው። ግን እያንዳንዱ ሲዲ ከሱቅ ሲወጣ ዋጋውን ከፍሎ ነው። አሥር ሺህ ከተሸጠ ትርፍ ነው። በኢንተርኔት አሥር ሺህ ከታየ ኪሳራ ነው። አንዱ ሥራ፣ አንዱ ተመልካች፣ ሂሳቡ ግን ተገልብጦ። ለእኔ የዚያ ዘመን እንቆቅልሽ በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለችው። ብዙ ጊዜ "ቴክኖሎጂው አልደረሰም ነበር" ይባላል። ቴክኖሎጂው ቀስ እያለ ይደርስ ነበር፤ በጀቱ ነው ያልደረሰው።

ሰዎች ታዲያ በስንት መንገድ ሞከሩ!

አንደኛው የባለሀብት ገንዘብ ነው። አይፊልምና አቶምፊልምስ የሚባሉ ገጾች በ1990ዎቹ መጨረሻ ተነስተው የአጭር ፊልም ሠሪዎችን ሥራ በራሳቸው ሰርቨርና በራሳቸው ሂሳብ ማሳየት ጀመሩ። በ2000 ብሩስ ብራኒትና ጄረሚ ሀንት የተባሉ ሁለት የቪዥዋል ኢፌክት ባለሙያዎች በቤታቸው ኮምፒውተር፣ በ300 ዶላር፣ ትልቅ አውሮፕላን ሎስ አንጀለስ አውራ ጎዳና ላይ ሲያርፍ የሚያሳይ የ3 ደቂቃ ሥራ ሠርተው በአይፊልም ለቀቁ። ርዕሱ የመንገዱ ቁጥር ነው፤ "405"። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው። ሁለቱ ልጆች ያን ሁሉ ተመልካች በራሳቸው ሰርቨር ቢያስተናግዱ ኖሮ ቤታቸውን ይሸጡ ነበር። ግን በዚያው ዓመት የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን መውደቅ ጀመረ። ደን የሚባለው የመዝናኛ ኩባንያ በ2000 ተዘጋ። እነ ስቲቨን ስፒልበርግና ሮን ሀዋርድ ያሉበት ፖፕ ዶት ኮም ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፈት በዚያው ዓመት መስከረም ፈረሰ። የሰው ገንዘብ ሲያልቅ ነጻው ሰርቨርም ያልቃል።

ሁለተኛው የበጎ ፈቃድ ነው። በኅዳር 1999 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲያትል ላይ ሲሰበሰብ፣ የተቃውሞ ሰልፉን ራሳቸው ለመዘገብ የተሰባሰቡ ሰዎች ኢንዲሚዲያ የሚባለውን ማዕከል መሠረቱ። ማንም ሰው የቀረጸውን ይዞ ገብቶ የሚጭንበት ገጽ ነበራቸው። ልብ በሉ፤ አጫጭሩን በኢንተርኔት ለቀቁት፤ ረጅሙን ግን በሳተላይት ወደ ማኅበረሰብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነው የላኩት። እነሱም ቁጥሩን ያውቁታል።

ሦስተኛው ተመልካቹን ማስከፈል ነው። በ2003 ቴክሳስ ውስጥ ሩስተር ቲዝ የተባሉ ጓደኛሞች ሄሎ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያት እንደ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ፣ በራሳቸው ድምፅ ቀልድ እየጨመሩ፣ ተከታታይ ድራማ ጀመሩ። ተመልካቹ ካሰቡት በላይ ጎረፈ። ዲቪዲ መሸጥና ከደጋፊ መዋጮ መቀበል ያዙ፤ በዚህም ቆሙ። ይህ ግን ጨዋታውን አብዶ ለሚወድ ሕዝብ ነው የሠራው፤ ለሠርግና ለጥናታዊ ፊልም አይሆንም።

አራተኛው ደቦ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው። ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት ፋይሉን በትናንሽ ቁራጭ ይከፋፍለዋል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያገኛትን ቁራጭ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ሰርቨሩ ሁሉን ብቻውን አይሸከምም። እርሻው ሲሰፋ የደቦው ሰውም ይበዛል፤ ተመልካች ሲጨምር ማውረዱ ይፈጥናል። የተገለበጠውን ሂሳብ መልሶ ያቃናው እሱ ነው። ችግሩ፣ ተመልካቹ ፕሮግራም መጫን አለበት፣ ሙሉው እስኪወርድ መጠበቅ አለበት፤ ስሙም ከተሰረቀ ፊልም ጋር ቶሎ ተጣበቀ። የአጎቴ ልጅ እናት ቢትቶረንት አይጭኑም።

በ2004 ቪዲዮ ብሎገሮች ሌላ ዘዴ አመጡ። ለተከታታዮቻቸው ጋዜጣ በር ላይ እንደሚጣል ሁሉ፣ አርኤስኤስ በሚባለው መንገድ አዲሱ ቪዲዮ ሌሊት ተመልካቹ ተኝቶ ሳለ ወደ ኮምፒውተሩ ይወርዳል፤ ጠዋት ያየዋል። መጠበቁ በእንቅልፍ ተሸፈነ። ኒውዮርክ ላይ በዚያው ዓመት ጥቅምት የጀመረው ሮኬትቡም በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ እያቀረበ ስም አወጣ። ሂሳቡን ላልቻለው ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ቤተ መዛግብት በነጻ ያስቀምጥለት ነበር።

እስቲ ሌላውን እንቅፋት ደግሞ በአጭሩ። ሪልፕሌየር፣ ኩዊክታይምና ዊንዶውስ ሚዲያ የሚባሉት ማጫወቻዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፋይል ዓይነት ነበራቸው፤ የአንዱን ሌላው ብዙ ጊዜ አይከፍትም ነበር። ሠሪው አንዱን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ፣ ለዘገምተኛና ለፈጣን መስመር ደግሞ ስድስት ጊዜ ያዘጋጃል። ተመልካቹ ከስድስቱ መርጦ፣ የሌለውን ማጫወቻ ጭኖ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ "ባፈሪንግ 17 በመቶ" የሚል ጽሑፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ይህ ሁሉ በደቂቃ ሂሳብ ነው።

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው፣ ለቪዲዮ ተብሎ ያልተሠራው፣ ፍላሽ የተባለው ፕሮግራም ነው። በየገጹ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎችን ለማሳየት ቀድሞውኑ ከሞላ ጎደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነበር። በ2002 ስድስተኛው እትሙ ቪዲዮ ማጫወት ቻለ። ዩቲዩብ በ2005 ሲነሳ ይህን ያዘ፤ የሰጣችሁትን ፋይል ምንም ይሁን ምን ራሱ ይለውጠዋል፤ ተመልካቹ ምንም ሳይጭን ገጹ ላይ ያያል። ሚያዝያ 23 ቀን ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም ሳንዲዬጎ ውስጥ ከዝሆኖች ፊት ቆሞ የተቀረጸውን 19 ሴኮንድ ጫነ። ምስሉ ከእህቴ ሠርግ አይሻልም። ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ስንት ሰው ቢያየው ለካሪምም ሆነ ለማናችንም ሂሳብ አይመጣም። ሂሳቡን ኩባንያው ወሰደው። እሱም ሴኮያ ካፒታል ከሚባለው ባለሀብት 11.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ነው፤ በጥቅምት 2006 ደግሞ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ገዝቶት ሂሳቡ ወደ ትልቁ ቤት ዞረ።

ሂሳቡን የከፈለ ደንቡንም ያወጣል። በመጋቢት 2006 ዩቲዩብ ከ10 ደቂቃ በላይ አይጫንም አለ። ውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችን አማርኛ ፊልም እየቆራረጡ "ክፍል 1"፣ "ክፍል 2" እያሉ የሚጭኑት ስለዚህ ነበር፤ ክፍል 7 በሆነ ምክንያት ጠፍቶ፣ ከ6 ወደ 8 ዘለን፣ ሰውዬው መቼ እንደሞተ ሳናውቅ ቀብሩ ላይ የደረስንበት ፊልም ስንት ነው! ገደቡ መነሳት የጀመረው በ2010 መጨረሻ ነው። የቪዲዮ ብሎገሮቹ መጠጊያ የነበረው ብሊፕ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሲዘጋ፣ በሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጠ ሰው ሥራው አብሮ ሄደ። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያስቀመጡት ግን እስካሁን ይገኛል።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ የወላጆቹን ሠርግ ካላየሁ ብሎ አስቸገረና ወደኔ ተደወለ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ካሴቶቹ አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ግን የእህቴ ስም ተሰርዞ ሌላ ሠርግ ተጽፎበታል። ያኔ ካሴት ውድ ነበር፤ ሥራው ከተረከበ በኋላ ላዩ ላይ እንቀርጽበታለን። ለቤተሰቡ የተሰጠው ቪኤችኤስ በውሰት ሄዶ አልተመለሰም። የቀረችው ያቺው 4 ሜጋባይት ናት፤ የአጎቴ ልጅ ገጹ ሳይዘጋ በፊት አውርዷት ኖሮ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፈልፍሎ ላካት። ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ያለ ምንም ጥያቄ ከፈታት። በዛሬው ሰፊ ስክሪን ላይ መሀል የተለጠፈች ቴምብር ናት። ልጁ ፊቱን አስጠግቶ ኬኩንም፣ ጉልበት መሳሙንም አየ። እስክስታው ጋ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ሰው በነጭና በቡናማ አራት ማዕዘን ሲበታተን፣ ወደ እናቱ ዞሮ "ማሚ፣ የትኛዋ ነሽ?" አላት።